ስለ ሽምግልና፤ በየዕለቱ ከምናየው ነገር የሚገኝ የክርስቲያን ትምህርት



ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ስንቁን ያሰናዳል፤ መንገዱንም ይጠይቃል። ከደጀን ተነሥቶ በአምበር በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፍ መንገደኛ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚያድር አስቀድሞ ያስባል። ወደ ሽምግልና ግን ሁላችን በየቀኑ እንጓዛለን፤ ስለዚህም መንገድ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠጕራችን ሲሸብት፥ ጕልበታችን ሲዝል፥ ጥርሳችን ሲነቃነቅ፥ ሌባ በሌሊት የገባብን ያህል እንደነግጣለን።

ይህን የምጽፍልህ እኔ ገና ሽማግሌ አልተባልሁም፤ ነገር ግን ጐልማሳነቴ ወደ ማታው አዘንብሏል። ከአርባ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ስይዝ እጄ ሳላዝዛት እየራቀች ሄደች፤ ፊደሉን ለይቼ ለማየትም ክንዴን መዘርጋት ግድ ሆነብኝ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፥ ይህ የሚሆነው በዐይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ የልጅነት ልስላሴውን ትቶ ስለሚጠነክር ነው፤ መነጽርም ይረዳዋል። ነገሩ ትንሽ ነው። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ደወል ሆነልኝ፤ ጌታዬ ከዚህ ምን እንድማር ይወድዳል ብዬም እጠይቅ ጀመር።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ሲያስተምር ከሩቅ ነገር አልጀመረም። ስለ እርሾና ስለ ዱቄት፥ ስለ መብራትና ስለ መቅረዝ፥ ስለ ዘሪና ስለ መረብ፥ ቤቷን ጠርጋ የጠፋባትን ድሪም ስለ ፈለገች ሴት ተናገረ። እንግዲህ እኛም በቤታችንና በእርሻችን ያለውን በማስተዋል ብናይ፥ ስለ ዕድሜ የሚያስተምረን ነገር አናጣም። ከዚያ አራቱን ብቻ ልንገርህ።

1ኛ፤ ስለ ወፍጮ።

በልጅነቴ እናቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ በወፍጮ ላይ ስታጐነብስ እሰማ ነበር። የመጁ ድምፅ የንጋት ደወላችን ነበረ። አንዳንድ ቀን ግን እህሉን ወደ ጎን ትታ፥ በእጇ ጠንካራ ድንጋይ ይዛ፥ ወፍጮዋን ቀስ እያለች ስትወቅር አያት ነበር። አንድ ቀን፥ «እማዬ፥ ደኅናውን ድንጋይ ለምን ታቆስይዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም፥ «ልጄ፥ ወፍጮ ሲለሰልስ ለእጅ ይመቻል፤ ግን አይፈጭም። ካልወቀሩት እህሉ ሳይደቅ ያልፍበታል» አለችኝ።

ዛሬ በአምበር ከተማም ሆነ በሌላው ከተማ እህሉን የሚፈጨው የሞተር ወፍጮ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ወፍጮው ደግሞ ሞተሩን አቁሞ፥ የላይኛውን ድንጋይ አንሥቶ፥ ገጹን የሚወቅርበት ቀን አለው። ጊዜው ቢለወጥም የድንጋዩ ጠባይ አልተለወጠም።

የሰውም ልብ እንዲሁ ነው። በዕድሜ ብዛት ይለሰልሳል፤ ይኸውም ቅዱሱን ነገር በመላመድ ነው። ጸሎቱን በቃሉ ያውቀዋል፤ አፉ ሲናገር ልቡ ግን ስለ ገበያ ያስባል። ስብከት ሲሰማ «ይህ ለእገሌ የሚገባ ቃል ነው» ይላል። ቃሉ ይመጣል፥ በላዩም ያልፋል፤ ነገር ግን ሳይደቅ እንዳለ ይወርዳል፤ ከእርሱም እንጀራ የሚሆን ዱቄት አይገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ለስልሷል እንጂ።

ስለዚህ እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ ይወቅረናል። አንዱን በሕመም፥ አንዱን በልጁ ተግሣጽ፥ አንዱን ያከበሩት ሰዎች በመተዋቸው ይወቅረዋል። ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ የሰውን መከራ አይተህ «ይህ ስለ ኀጢአቱ ነው» አትበል። የኢዮብ ወዳጆች እንዲህ ብለው ፈረዱ፥ እግዚአብሔርም ገሠጻቸው። ይህ ትምህርት ለራስህ ልብ እንጂ ለጎረቤትህ አልተሰጠም።

2ኛ፤ ስለ በሰለ እሸት።

ክረምቱ ወጥቶ ከጮቄ ተራራ በታች ያለው እርሻ ወርቅ ሲመስል፥ በገብሱና በስንዴው ማሳ ዳር ቆመህ ተመልከት። ፍሬ የያዘው ዛላ ወደ መሬት ያጐነብሳል። ፍሬ የሌለው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከሩቅ ለሚያየውም ከሁሉ የሚበልጥ ይመስላል። ገበሬው ግን በዚያ አይታለልም።

ሽምግልና መብሰል ከሆነ ምልክቱ ማጐንበስ ነው፤ የወገብን ማጐንበስ ማለቴ አይደለም፥ የልብን ነው እንጂ። በ2ኛ ሳሙኤል 19ኛ ምዕራፍ ስለ ገለዓዳዊው ስለ ቤርዜሊ እናነባለን። ንጉሡ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ ይህ ሰው መገበው። ዳዊትም በተመለሰ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት ወጥቶ በማዕዱ እንዲቀመጥ ለመነው። ቤርዜሊ ግን ሰማንያ ዓመት ሆኖት ነበርና፥ የምግቡን ጣዕም መለየትና የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እንደማይችል ተናግሮ፥ በከተማው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ አሰናብተኝ አለ። በእርሱም ፈንታ ወጣቱን ከመዓምን ላከ።

ይህን አስተውል። ቤርዜሊ ድካሙን አልደበቀም፤ በድካሙም አላጉረመረመም። ክብር ወደ እርሱ በመጣች ጊዜ ለወጣት አሳለፋት። ከእኛ መካከል ግን ወንበሩን እስከ መጨረሻ ጨብጦ፥ «እኔ ከሌለሁ ሥራው ይፈርሳል» የሚል ስንት ሽማግሌ አለ! ሥራው የእግዚአብሔር ከሆነ በእኛ መነሣት አይፈርስም።

3ኛ፤ ስለ በሬና ስለ ወይፈን።

ገበሬ ወይፈን ሲያለማምድ ከሌላ ወይፈን ጋር አይጠምደውም። ሥራ ከለመደው በሬ ጋር ያጣምደዋል። ወይፈኑ በመጀመሪያው ቀን ወደ ዳር ይጐትታል፤ አንዳንድ ጊዜም በትልሙ ላይ ይተኛል። ያ አሮጌ በሬ ግን አይወጋውም፤ አይቸኩልም፤ በትልሙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወይፈኑም ከጥቂት ቀን በኋላ መሄድን ከጅራፉ ይልቅ ከጓደኛው ይማራል።

ሽማግሌ ሆይ፥ ልጆችህ ከጩኸትህ ይልቅ ከአረማመድህ እንደሚማሩ እወቅ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ሽማግሌዎች ልከኞችና በእምነት ጤናሞች እንዲሆኑ፥ አሮጊቶችም በአካሄዳቸው ለቆነጃጅት በጎ ነገር እንዲያስተምሩ ያዝዛል። አካሄድ ከሌለ ቃሉ ባዶ ነው።

አንተም ተማሪ ሆይ፥ ከአባትህ ጋር መጠመድን አትናቅ። ፊደል ባይቈጥርም አንተ ያላረስኸውን መሬት አርሷል፤ ያልተሻገርኸውን ረኃብ ተሻግሯል። በኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛ ምዕራፍ ለሽበት መነሣትና እግዚአብሔርን መፍራት በአንድ ትእዛዝ ተጣምረው ይገኛሉ። ሁለቱን የሚለያያቸው ሰው ሁለቱንም ያጣል።

4ኛ፤ ስለ ተዳፈነ እሳት።

ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን አሮጊቷ ባልቴት ማታ ምድጃዋን ሳትዳፍን አትተኛም ነበር። ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። በምሽት ያየ ሰው «እሳቱ ጠፍቷል» ይላል። ሲነጋ ግን አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት ይነድዳል፤ እሳት የጠፋበትም ጎረቤት መጥቶ ይጭራል።

እምነት በሸመገለ ሰው ውስጥ እንዲህ ሊኖር ይችላል። በውጭ አመድ ብቻ ይታያል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ነገርም ይረሳል፥ ከሰው ጉባኤም ይቀራል። በውስጡ ግን ፍም አለ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4ኛ ምዕራፍ የውጭው ሰውነት ሲያረጅ የውስጡ በየቀኑ እንደሚታደስ ይናገራል። ጢሞቴዎስም እምነቱን የጫረው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ምድጃ ነው። እንግዲህ በቤትህ በማዕዘን የተቀመጠችውን አያትህን አመድ ብለህ አትጥራት፤ አንድ ቀን ምድጃህ ሲቀዘቅዝ እሳት የምትለምነው ከእርስዋ ይሆናል።

ስለ አንድ የጎጃም ሰው።

ሽምግልና የሥራ ዘመን እንዳይደለ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ የአገራችንን ልጅ ታሪክ ይስማ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1750 ገደማ በጎጃም አንድ ሰው ተወለደ፤ ስሙ አቡ ሩሚ ይባላል፥ አብርሃም ብለውም ይጠሩታል። በወጣትነቱ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ግብጽና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ እስከ ህንድም ድረስ እንደ ተጓዘ ይነገራል። በመጨረሻም ሃምሳ ዓመት አልፎት ሳለ በካይሮ ተቀመጠ።

በዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስለን ደ ሼርቪል አገኘው፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ አማርኛ ይተረጕሙ ዘንድ ተስማሙ። ዐሥር ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ቀን፥ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ዘግተው ተቀመጡ። ከዐረብኛው መጽሐፍ ቃሉን አንድ በአንድ ቀስ እያሉ ያነብቡ ነበር፤ አቡ ሩሚም ወደ አማርኛ መለሰው። ሥራው ሲፈጸም የተጻፈው ገጽ 9,539 ሆነ።

ከዚያም ጥቂት ቆይቶ፥ በ1819 ገደማ፥ አቡ ሩሚ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ ሰው ያን ጽሑፍ ለብሪታንያና ለውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛ። በቶማስ ፔል ፕላት ትጋት አራቱ ወንጌል በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ታተመ።

አንባቢ ሆይ፥ ሒሳቡን አስላው። ሰውየው የድካሙን ፍሬ በማተሚያ ታትሞ አላየም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፥ በባዕድ አገር፥ በተዘጋ ቤት ሠራ። ያ ሁለት ቀን ግን ለሚሊዮኖች መንገድ ጠረገ። «አሁን አርጅቻለሁ፥ ምን ልሠራ እችላለሁ?» የምትል እናት ወይም አባት ብትኖር፥ እግዚአብሔር ሰባቱን ቀን አልጠየቀህም። ማክሰኞህንና ቅዳሜህን ስጠው።

የራሴን በደል ልንገርህ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ጻድቅ እንዳልመስልህ የደረሰብኝን እነግርሃለሁ። አባቴ ቅኔ የተቀኘ፥ ዳዊትንም ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበረ። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ወንጌልን ልሰብክ በወጣሁ ጊዜ አዘነ። እኔም በወጣትነት ትዕቢት ተከራከርሁት። በክርክሩ የረታሁት መሰለኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ዘመን በመካከላችን ከሰላምታ በቀር ቃል ጠፋ።

ዓመታት አለፉ። ወደ ቤቱ ስሄድ በመቃኑ ሲጋጭ፥ ጽዋውን ሲያስስ አየሁት። «ኩራዙ ደክሟል» ይለኝ ነበር። እኔም «እርጅና ነው» ብዬ አለፍሁ። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞርሁ የሌላውን ሰው አባት አጽናናለሁ፤ የእኔ አባት ግን በቤቱ ቀስ በቀስ ጨለማ ይወርሰው ነበር። በመጨረሻ ወደ ዐይን ሐኪም በወሰድሁት ጊዜ ሐኪሙ ረጅም ሰዓት መርምሮ፥ በዐይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ የማየትን ጅማት እንደ ጐዳው ነገረኝ። «የጠፋው አይመለስም። ቀደም ብሎ ቢመጣ በጠብታ መድኃኒት የቀረውን ማቆየት ይቻል ነበር» አለኝ። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5ኛ ምዕራፍ፥ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ካላመነ ይልቅ የሚከፋ እንደ ሆነ ተጽፏል። ያን ቃል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! በዚያ ቀን ግን እርሱ እኔን ሰበከኝ።

ከደብረ ማርቆስ ስንመለስ አባቴ፥ «አሁን የት ደረስን?» አለኝ። «አምበር ገባን፥ አባዬ» አልሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ፥ «እንግዲህ ጮቄ በግራችን ነው። በዚህ ወር ማለዳ ጉም ይለብሳል፤ ረፋድ ላይ ይገልጣል» አለ። እውነትም ጉሙ እየገለጠ ነበር። እኔ ዐይን ሳለኝ ተራራውን አላየሁትም ነበር።

በዚያች ማታ ዳዊት ላንብብለት ብዬ ጠየቅሁት። ከረጅም ዘመን በኋላ ደስ ሲለው ያን ጊዜ አየሁ። በግዕዙ ዳዊት 70ኛ፥ በአማርኛው መጽሐፍ 71ኛ የሆነውን መዝሙር ጀመርሁ፤ ይህም ሽማግሌው ኀይሉ ባለቀ ጊዜ እግዚአብሔር እንዳይጥለው የሚለምንበት ነው። ልቤ ታውኮ ነበርና ቸኰልሁ። አባቴ እጁን አንሥቶ፥ «ልጄ፥ አንድ መስመር ዘለልህ» አለኝ። ተመልሼ ባየው እውነት ነበር። «ዐይን ያለህ ሰው ነህና አትቸኵል» አለኝ። የዚያን ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ በእግሩ ሥር ወደቅሁ፤ «አባዬ፥ በደልሁዎት፥ ይቅር ይበሉኝ» አልሁት። እርሱም ጭንቅላቴን ዳስሶ፥ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም በክርክር ጊዜ ልጅነትህን ረስቼ ነበር። አሁን የዘለልኸውን አንብብልኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ፤ በቤቱ ባለሁባት ማታ ሁሉ አነብብለት ነበር። በብዙ ነገር እንደ ቀድሞው አልተስማማንም። ነገር ግን በአንድ መጽሐፍ ፊት አብረን መቀመጥን ተማርን። ብርሃኑን ልመልስለት አልቻልሁም፤ ይህ ኀዘን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። የጌታ ምሕረት ግን በደሌን ሸፈነው፤ ቀሪውንም ጊዜ አላጠፋሁትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወጣት ሆይ፥ የአባትህና የእናትህ ዐይን ሲደክም «እርጅና ነው» ብለህ አትለፍ። የዐይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ሌላው በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ይገባልና ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። ሐኪም ዘንድ መውሰድ እምነትን አያጐድልም፤ ፍቅር ያለበት እምነት በሥራ ይገለጣል። ገንዘብ መላክም በጎ ነው፤ ነገር ግን በአጠገባቸው መቀመጥን አይተካም።

ሽማግሌ ሆይ፥ ሽበት ብቻውን ቅድስና አይደለም። ሰሎሞን በወጣትነቱ ጥበብን ለመነ፤ በሸመገለ ጊዜ ግን ልቡ ወደ ባዕዳን አማልክት ዘነበለ። ካሌብ ግን በሰማንያ አምስት ዓመቱ ገና ተራራማውን አገር ስጠኝ ብሎ ለመነ፤ ነቢይት ሐናም አርጅታ ሳለ ከመቅደስ ሳትለይ ቆይታ ሕፃኑን ኢየሱስን ለማየት በቃች። ሽምግልና እንደ ድንገት ወደዚህ ወይም ወደዚያ አይወስድም፤ ሰው በጐልማሳነቱ የሄደበትን መንገድ ይከተላል እንጂ።

አሁን ይህን ወረቀት ከማስቀመጥህ በፊት በእግዚአብሔር ፊት ራስህን ጠይቅ፤

ልቤ የለሰለሰ ወፍጮ ሆኗልን? ቃሉ በእኔ ላይ ሳይደቅ ያለፈው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ክብር ወደ እኔ ስትመጣ ለወጣት አሳልፌ አውቃለሁን?

ልጆቼ አረማመዴን ቢከተሉ ወዴት ይደርሳሉ?

በቤቴ አመድ ብዬ የተውሁት ፍም ማን ነው?

ከዚህ ሳምንት የትኛውን ሁለት ቀን ለጌታ እሰጣለሁ?

መልስህ ቢያሳዝንህ ተስፋ አትቍረጥ። ምናልባት አባትህ ገና በሕይወት አለ፤ ምናልባት እናትህ ዛሬ ማታ እግርህን ትጠብቃለች። ተነሥተህ ሂድ። መጽሐፉንም ይዘህ ሂድ፤ ስታነብብላቸውም አትቸኵል።

በማኅፀን የሠራን፥ በሽምግልናም የሚሸከመን አምላክ የቀረውን ዘመናችንን ይባርክልን፤ በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።